ትንሽ ግን የማይቋረጥ፦ ለቆየ የትከሻ ሕመም የእንቅስቃሴ ሕክምና

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች! በዚህ እትም የጤና ትምህርታችን የምንማማረው ስለ ትከሻ ሕመም ነው። ጉዳዩ ከቀላል ሊቆጠር ይችላል። ነገር ግን ተክቢራ ሲያደርግ እጁ ከደረቱ አልፎ አልነሳ ያለው፣ ከሱጁድ ሲነሳ ትከሻውን የሚወጋው፣ ሌሊት በአንድ ጎኑ መተኛት ያቃተው ሰው ምን ያህል እንደሚቸገር ያውቃል። ብዙዎቻችንም እቤት ውስጥ ስኳር ያለባት እናት ወይም ዕድሜያቸው የገፋ አባት ይኖሩናል፤ ልብሳቸውን ለመልበስ ሰው የሚያስፈልጋቸው በትከሻቸው ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ ትምህርቱ ለራሳችንም ለቤተሰባችንም ነው።

ከዚህ ትምህርት ሦስት ነገር ይዘን እንድንወጣ እንፈልጋለን። አንደኛ፣ ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የትከሻ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ቀዳሚው ሕክምና በመጠን የሚሠራ እንቅስቃሴ መሆኑን። ሁለተኛ፣ እንቅስቃሴው እንዴት እንደሚጀመርና እንዴት እንደሚያድግ። ሦስተኛ፣ መቼ ወደ ሐኪም መሮጥ እንዳለብን።

አካላችን አማና ነው

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) ቀኑን ሙሉ በጾም፣ ሌሊቱን ሙሉ በሶላት ራሱን ሲያደክም አካሉ በርሱ ላይ ሐቅ እንዳለው አስታውሰውታል። ሕመም ሲያጋጥም መታከምን ማዘዛቸውም በሱነን ኪታቦች ተዘግቧል። አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም አብሮ እንዳወረደ የሚያስተምረውን ሀዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። ስለዚህ ሕመምን በሰብር መሸከምና ሕክምናን መፈለግ አይጋጩም። ታጋሽ ሰው ማለት ሕመሙን ችላ ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ የሚተው ሰው ነው።

ለዛሬው ርዕሳችን ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ በቡኻሪና በሙስሊም የሚገኘው ሀዲስ ነው። መልእክቱ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂት እንኳ ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑ ነው። ሀዲሱ ስለ ዒባዳ የተነገረ ቢሆንም ልማዱን በአካላችን ሕክምና ላይም ልናውለው እንችላለን። የትከሻ ሕክምና የሚከሽፈው ብዙውን ጊዜ እንቅስቃሴው ከባድ ሆኖ አይደለም፤ በሁለተኛው ሳምንት ስለሚቋረጥ ነው።

ትከሻ እንዴት ተሠራ?

ትከሻ ከአካላችን መገጣጠሚያዎች ሁሉ ሰፊ እንቅስቃሴ ያለው ነው። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ይዞራልም። ይህን ነጻነት ያገኘው በአሠራሩ ነው። የላይኛው የክንድ አጥንት ጫፍ ክብ ሲሆን የሚያርፍበት ጎድጓዳ ደግሞ ትንሽና ጥልቀት የሌለው ነው። አንድ ብርቱካን በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማኖር ነው። ብርቱካኑ እንዳይንከባለል የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል።

ያዦቹ በአጥንቱ ዙሪያ ያሉ አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ሐኪሞች በአንድነት ሮቴተር ከፍ ይሏቸዋል። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ሆነው ክቡን አጥንት ወደ ጎድጓዳው መሐል ስበው ይይዙታል። እጃችንን ስናነሳ ትልቁ የትከሻ ጡንቻ አጥንቱን ወደ ላይ ይጎትታል፤ እነዚህ አራቱ ደግሞ ቦታውን እንዳይለቅ ይጠብቁታል።

ሌላም ረዳት አለ። በጀርባችን በኩል ያለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ክንድ ሲነሳ አብሮ ይዞራል። እጃችንን ወደ ላይ ስንዘረጋ ከእንቅስቃሴው ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚመጣው ከዋናው መገጣጠሚያ ሲሆን ቀሪው አንድ ሦስተኛ ከዚህ ጠፍጣፋ አጥንት ነው። ጥሩ የትከሻ ሕክምና የሚያመውን ቦታ ብቻ ሳይሆን ይህን አጥንት የሚያንቀሳቅሱትን የጀርባ ጡንቻዎችም የሚያሠራው ለዚህ ነው።

ሕመሙ ለምን ይቆያል?

የቆየ ትከሻ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ችግራቸው ከነዚህ ጅማቶች ጋር የተያያዘ ነው። ጅማት ያልለመደው ሥራ በድንገት ሲበዛበት ያማል። ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ያጠና ተማሪ በዕረፍቱ ቤት ሲቀባ ወይም እህል ሲጭን ቢውል ትከሻው ቢታመም አይደንቅም። ዕድሜ፣ ስኳር በሽታና ሲጋራም የጅማትን ጤና ይጎዳሉ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው አዙሪት ነው። ሲያም እጃችንን እናሳርፋለን። ያረፈ ጡንቻ ይደክማል፤ ጅማቱም ሥራ የመሸከም ዐቅሙ ይቀንሳል። ዐቅሙ ሲቀንስ ድሮ የማያመው ትንሽ ሥራ ማመም ይጀምራል፤ እኛም የበለጠ እናሳርፋለን። በዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየ ሕመም ነርቮቻችንን ንቁ ያደርጋቸዋል። ጉዳት ባይኖርም እንኳ የማስጠንቀቂያው ደወል ቶሎ ይጮኻል። ለዚህ ነው በቆየ ሕመም ላይ «አመመኝ» ማለት ሁልጊዜ «ተጎዳሁ» ማለት ያልሆነው።

አንድ ተጨማሪ ነገር እናስተውል። በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ ውጤት ላይ «ጅማቱ ተቀዷል» የሚል ቃል ሲነበብ ብዙ ሰው ይደነግጣል። ሆኖም ዕድሜያቸው ከፍ ያለና ምንም ሕመም የሌላቸው ብዙ ሰዎች ላይም ተመሳሳይ መቀደድ ይታያል። ምስሉ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ የሚፈርደው ሰውየውን የመረመረው ባለሙያ ነው።

ጥናቶች ምን አሳዩ?

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደመሆናችን ማስረጃ መጠየቅ ይገባናል። ሦስት ጥናቶችን እንመልከት፤ ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የመጀመሪያው በስዊድን ተሠርቶ በ2012 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ነው። ቀዶ ሕክምና ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ 97 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የትከሻ ጅማቶችንና የጀርባውን ጠፍጣፋ አጥንት ጡንቻዎች ለይቶ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ለ12 ሳምንት ሠራ። ሌላው ቡድን ክብደት የሌለው አጠቃላይ የአንገትና የትከሻ እንቅስቃሴ ሠራ። በመጨረሻ ከመጀመሪያው ቡድን 69 በመቶ ብዙ መሻሻሉን ሲናገር ከሁለተኛው ግን 24 በመቶ ብቻ ነበር። ቀዶ ሕክምናውን የመረጡት ከመጀመሪያው ቡድን 20 በመቶ፣ ከሁለተኛው 63 በመቶ ሆኑ።

ሁለተኛው በእንግሊዝ 313 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2018 በላንሴት የታተመ ነው። ከትከሻው ጫፍ ሥር አጥንት የሚፋቅበትን ቀዶ ሕክምና፣ መሣሪያው ገብቶ ምንም ሳይፋቅ ከሚወጣበት የይምሰል ቀዶ ሕክምና ጋር አወዳደረ። በሁለቱ መካከል ለታካሚው የሚጠቅም ልዩነት አልተገኘም። በ2019 የባለሙያዎች ቡድን በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ይህ ቀዶ ሕክምና ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም እንዳይደረግ በጥብቅ መክሯል። ይህ በአደጋ የተበጠሰን ጅማት ወይም የተሰበረን አጥንት አይመለከትም።

ሦስተኛው ለእኛ አገር ሁኔታ ብዙ የሚነግረን ነው። በእንግሊዝ 708 ሰዎች ተሳትፈውበት በ2021 በላንሴት ወጣ። አንዱ ቡድን ፊዚዮቴራፒስት ጋር እስከ ስድስት ጊዜ ተመላለሰ። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ ተገናኝቶ በደንብ ተመክሮ፣ የሚሠራውን እንቅስቃሴ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዓመት በኋላ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልነበረም። አንዳንዶቹ ትከሻቸው ላይ የኮርቲዞን መርፌም ተወግተው ነበር፤ መርፌው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ቢረዳም በዓመቱ መጨረሻ ግን ከሌሎቹ የተለየ ጥቅም አላሳየም።

ሦስቱን አንድ ላይ ስናያቸው፣ እንቅስቃሴው ትከሻውን በትክክል የሚያሠራ መሆን አለበት፤ ነገር ግን የግድ በየሳምንቱ ክሊኒክ መመላለስን አይጠይቅም። ፊዚዮቴራፒስት በቅርብ በማይገኝበት ከተማ ላለ ሰው ይህ ትልቅ ራሕመት ነው። አንድ ጊዜ በትክክል መመርመርና መማር፣ ከዚያ እቤት ወይም ዶርም ውስጥ ማዘውተር ይበቃዋል።

ከመጀመራችን በፊት፦ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

የሚከተሉት ካሉ እንቅስቃሴ አይጀመር፤ ቅድሚያ ሐኪም ይታይ፦

- ከመውደቅ ወይም ከግጭት በኋላ የትከሻው ቅርጽ ከተለወጠ ወይም እጅን ማንሳት ፈጽሞ ካቃተ።
- መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ከቀላና ከጋለ፣ ወይም ትኩሳት ካለ።
- ያለምክንያት ክብደት ከቀነሰ፣ ሌሊት የሚያልብ ከሆነ፣ እብጠት ካለ ወይም ሰውየው ቀደም ሲል ካንሰር ታሞ ከነበረ።
- እጅ ከደነዘዘ፣ ጣቶች ዕቃ መያዝ ካቃታቸው፣ ወይም ሕመሙ ከአንገት ተነስቶ እስከ ጣት ከወረደ።
- ትከሻው በተደጋጋሚ የሚወልቅ ከሆነ። ኳስ የሚጫወቱ ወጣቶች ላይ ይህ ያጋጥማል፤ ሕክምናውም የተለየ ነው።

የትከሻ ወይም የክንድ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከትንፋሽ ማጠርና ከላብ ጋር በአንድ ላይ ከመጣ ደግሞ የልብ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

የሕመም መለኪያችን

ሕመምን ከ0 እስከ 10 እንለካው። 0 ምንም የለም፤ 10 ከዚያ በላይ የማይታሰብ ነው። እንቅስቃሴ ስንሠራ ሁለት ሕግ እንጠብቃለን።

አንደኛ፣ በሥራው ላይ ያለው ሕመም ከ5 አይለፍ። ሁለተኛ፣ የጨመረው ሕመም ከሚቀጥለው ሥራ በፊት ወደ ነበረበት ይመለስ። ሁለቱም ከተጠበቁ በርቱ፤ ትንሽ ማመሙ አያስፈራም። ካልተጠበቁ ግን ማቆም ሳይሆን መቀነስ ነው፤ ክብደቱን፣ ቁጥሩን ወይም የምናነሳበትን ከፍታ።

ለምሳሌ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ እንውሰድ። ጠዋት ሲነሳ ሕመሙ 3 ነው። በላስቲክ ሲሠራ 5 ደረሰ፤ ማታ 4 ሆነ፤ በነጋታው ጠዋት ወደ 3 ተመለሰ። ይህ ተማሪ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነው። በነጋታው 6 ሆኖ ቢነሳ ግን የትናንቱ መጠን በዝቶበታልና ግማሹን ይቀንስ።

የ12 ሳምንት መርሐ ግብር

የሚያስፈልገን ዕቃ ጥቂት ነው፦ ፎጣ፣ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስና የሚለጠጥ ላስቲክ። የስፖርት ላስቲክ ከሌለ የብስክሌት ከመነዳሪ (የጎማው ውስጠኛ ላስቲክ) ተቆርጦ ያገለግላል። ክብደት ለመለካት ሚዛን አያስፈልግም፤ ግማሽ ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ፣ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው።

*ከ1ኛ እስከ 2ኛ ሳምንት፦ ማለማመድ*

1. ማወዛወዝ። በደህናው እጅ ጠረጴዛ ተደግፋችሁ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ። የሚያመው ክንድ ተንጠልጥሎ ይውረድ። በክንዱ ኃይል ሳይሆን ሰውነታችሁን በማወዛወዝ ክንዱ ትንንሽ ክብ እንዲሠራ አድርጉ። አንድ ደቂቃ በአንድ አቅጣጫ፣ አንድ ደቂቃ በሌላው።

2. ጠረጴዛ ላይ ማንሸራተት። ጠረጴዛ ፊት ተቀምጣችሁ መዳፋችሁን በፎጣ ላይ አድርጉ። ደረታችሁን ወደ ፊት እያዘነበላችሁ ፎጣውን ወደ ፊት ግፉ። ጫፍ ላይ ለ5 ሰከንድ ቆይታችሁ ተመለሱ። 10 ጊዜ።

3. ግድግዳ መግፋት። የሚያመውን ጎን ወደ ግድግዳ አድርጋችሁ ቁሙ። ክርናችሁ ከጎናችሁ ሳይለይ ዘጠና ዲግሪ ይታጠፍ። የእጃችሁን ጀርባ ግድግዳ ላይ አድርጋችሁ ወደ ውጭ ግፉ። እጁ አይንቀሳቀስም፤ ጡንቻው ግን ይሠራል። ለ10 ሰከንድ በመጠኑ ገፍታችሁ ልቀቁ። 10 ጊዜ።

*ከ3ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት፦ ማጠንከር*

4. ላስቲክ ወደ ውጭ መሳብ። ላስቲኩን ከአልጋ ብረት ወይም ከበር እጀታ ጋር በክርን ከፍታ እሰሩ። የተጠቀለለ ፎጣ በክርናችሁና በጎናችሁ መሐል ይዛችሁ፣ እጃችሁን ከሆዳችሁ ወደ ውጭ ሳቡ። ስትስቡ ሁለት ሰከንድ፣ ስትመልሱ አራት ሰከንድ ይፍጅ። ቀስ ብሎ መመለሱ ከመሳቡ እኩል አስፈላጊ ነው።

5. ወደ ኋላ መሳብ። ላስቲኩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ክርኖቻችሁን ወደ ኋላ ሳቡ። ሁለቱ የጀርባ ጠፍጣፋ አጥንቶች እርስ በርስ ይቀራረቡ፤ ትከሻችሁ ግን ወደ ጆሮ አይውጣ።

6. ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ። አንድ እርምጃ ያህል ርቃችሁ ሁለት እጃችሁን በደረት ከፍታ ግድግዳ ላይ አድርጉ፤ ቀስ ብላችሁ ቀርባችሁ ግፉ።

7. የትከሻን ጀርባ መዘርጋት። የሚያመውን ክንድ በደረት ፊት ወደ ሌላው ትከሻ አሻግራችሁ በደህናው እጅ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ።

ከ4 እስከ 6 ያሉትን 15 ጊዜ እየሠራችሁ ሦስት ዙር አድርጉ። መጀመሪያ አንድ ዙር ብቻ ከቻላችሁ በዚያ ጀምሩ። በስዊድኑ ጥናት ታካሚዎቹ እስከ 8ኛው ሳምንት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ይሠሩ ነበር። ሦስቱ ዙር ከቀለላችሁና ሕመሙ ከ3 በታች ከሆነ ላስቲኩን አሳጥሩት ወይም እጥፍ አድርጉት።

*ከ9ኛ እስከ 12ኛ ሳምንት፦ ወደ ዕለት ኑሮ መመለስ*

8. ጠርሙስ ማንሳት። ግማሽ ሊትር ውሃ ይዛችሁ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ ሆኖ፣ ክንዳችሁን በቀጥታ ወደ ጎን ሳይሆን ትንሽ ወደ ፊት ባደላ አቅጣጫ አንሱ። መጀመሪያ እስከ ትከሻ ከፍታ፣ ከዚያ ከራስ በላይ። ሲቀል ወደ አንድ ሊትር እደጉ።

9. ፑሽ አፑን ከግድግዳ ወደ ጠረጴዛ ጫፍ፣ ከዚያ ወደ መሬት አውርዱት።

10. የምትፈልጉትን ሥራ ራሱን ተለማመዱ፦ መጽሐፍ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ማኖር፣ ቦርሳ ማንሳት፣ ልብስ ማስጣት።

ለውጡ ወዲያው አይታይም። ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። በሦስተኛው ሳምንት «ምንም አልረዳኝም» ብሎ መተው የተዘራውን ሳይበቅል እንደመንቀል ነው። በ12 ሳምንት ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ወደ ባለሙያ ተመልሶ እንደገና መመርመር ያስፈልጋል።

ዉዱእና ሶላት ላይ

ሶላት ዒባዳ ነው፤ የስፖርት ዓይነት አድርገን አንመለከተውም። ሆኖም ትከሻው የሚያመው ሙስሊም በየቀኑ በሶላቱ ውስጥ ስለሚፈተን ጥቂት ነጥቦች እናንሳ።

በተክቢራ ጊዜ እጅን ማንሳት በአብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ሱና ነው። እስከ ትከሻው ወይም እስከ ጆሮው ማንሳት ያልቻለ የቻለውን ያህል ያንሳ። አንድ እጁ ብቻ የሚነሳለትም በዚያው ያድርግ። ሶላቱ አልጎደለም።

ወደ ሱጁድ ስንወርድ ጉልበትን ማስቀደም የብዙኀኑ ዑለማዎች፣ ከነርሱም የሐነፊያና የሻፊዒያ አካሄድ ነው። ትከሻው ለሚያመው ሰው ይህ አወራረድ ክብደቱን ከእጁ ላይ ያነሳለታል። በሱጁድ ላይ ሁለት መዳፎች ከሰባቱ የሱጁድ አካላት ውስጥ ናቸውና መሬት ማስነካቱ ሳይተው፣ ክብደቱን ግን ወደ ደህናው ጎን ማዛወር ይችላል። ፈጽሞ ያልቻለ ሰው ደግሞ ሸሪዓችን ከዐቅም በላይ አያስገድድምና፣ ለዒምራን ኢብን ሑሶይን (ረ.ዐ) ቆሞ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ካልቻለም በጎኑ ተኝቶ እንዲሰግድ የተፈቀደለትን ያስታውስ። ለራሱ ሁኔታ የአካባቢውን ዐሊም ይጠይቅ።

ዉዱእ ላይ እጁ ወደ ራሱ አልደርስ ያለው ሰው ራሱን ወደ እጁ ጎንበስ ማድረግ ይችላል። ካልሆነለት ሌላ ሰው ይርዳው፤ ወላጅን ዉዱእ ማስደረግ ለልጅ ትልቅ አጅር ነው።

እናቶቻችንና የደረቀ ትከሻ

አንድ ዓይነት የትከሻ ሕመም ለብቻው መነሳት አለበት። ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ የሚመጣ፣ ስኳር ባለባቸው ላይ ደግሞ የሚበዛ፣ የመገጣጠሚያው ሽፋን እየወፈረና እየጠበበ የሚሄድበት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ኮድማን በ1934 እ.ኤ.አ. «የደረቀ ትከሻ» ብሎ ሰይሞታል። ከላይ በተራ ቁጥር 1 ያየነው ማወዛወዝም ከስሙ ጋር ተያይዞ ይጠራል።

መለያው ይህ ነው፦ በብዙዎቹ ሌሎች የትከሻ ሕመሞች ሰውየው ራሱ ማንሳት ቢያቅተውም ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ሲያነሳለት እጁ ይሄዳል። የደረቀ ትከሻ ግን ሌላ ሰው ቢያነሳውም አይሄድም፤ በተለይ ክርን ከጎን ሆኖ እጅን ወደ ውጭ ማዞር ያቅታል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ብርቱ ስለሆነ በኃይል መዘርጋት ያባብሰዋል። በዚያ ጊዜ ማወዛወዝና ማንሸራተት ብቻ ይበቃል፤ መርፌም ሊረዳ ስለሚችል ሐኪም ይወስን። ሕመሙ ሲበርድ ቀስ በቀስ መዘርጋት ይጨመራል። ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊፈጅ እንደሚችል ለእናታችን አስቀድመን መንገር፣ ስኳሯንም በደንብ እንድትቆጣጠር መርዳት የልጅነት ድርሻችን ነው።

ሌሎች ሕክምናዎችስ?

ወጌሻ ጋር መሄድ በአገራችን የተለመደ ነው። ለስላሳ ማሸት ለጊዜው ሊያሳርፍ ይችላል። በኃይል መጎተትና «ማስገባት» ግን የደከመ ጅማትን ሊበጥስ፣ በዕድሜ የሳሳ አጥንትንም ሊሰብር ይችላልና እንጠንቀቅ።

ሂጃማ ከሱና የመጣ ነው፤ የሚያደርገው ሰው በንጹሕና አንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግል ምላጭ፣ በሠለጠነ ሰው ያድርግ። የደከመ ጡንቻን የሚያጠነክር ግን ሥራ ስለሆነ እንቅስቃሴውን አይተካውም። ሩቅያና ዱዓም እንዲሁ ከሰበብ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ግመሉን አስሮ በአላህ እንዲመካ የተመከረው ሰው ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።

የማስታገሻ ክኒን እንቅልፍ ለመተኛትና እንቅስቃሴ ለመጀመር ሊረዳ ይችላል። ነገር ግን እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉትን ለሳምንታት ያለሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። በረመዳን በባዶ ሆድ መዋጥም ጥሩ አይደለም።

እንዴት እናዘውትር?

ቀናችንን አላህ በሶላት ሰዓት ከፋፍሎልናል። የእንቅስቃሴውን ሰዓት በዚሁ ላይ እንሰካው፦ አንዱን ከፈጅር በኋላ፣ ሌላውን ከመግሪብ በኋላ። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ወይም ከተራዊሕ በኋላ ይደረግ። ወረቀት ላይ 12 ሳምንት ሠርተን በየቀኑ ምልክት እናድርግ፤ ሕመሙንም ከ0 እስከ 10 እንጻፍ። አንድ ቀን ቢያመልጥ በሚቀጥለው መቀጠል እንጂ እጥፍ መሥራት አያስፈልግም።

እህቶች ጂም መሄድ አይጠበቅባችሁም፤ ሁሉም በዶርም ውስጥ የሚሠራ ነው። ሴት ባለሙያ ከተገኘች መልካም ነው፤ ካልተገኘች ለሕክምና አስፈላጊ በሆነው ልክ የሚኖረውን ፈቃድ ከዐሊም ጠይቃችሁ ታከሙ። ሕመሙን ተሸክሞ ዓመት መቀመጥ መፍትሔ አይደለም።

ሌሊት በሚያመው ጎን አትተኙ። በደህናው ጎን ተኝታችሁ የሚያመውን ክንድ በትራስ ላይ አሳርፉት። ከባድ ቦርሳ በአንድ ትከሻ ከመሸከም በሁለቱ አንግቱት። ላፕቶፕ ላይ ረጅም ሰዓት ስትቆዩ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥታችሁ ክንዳችሁን አንቀሳቅሱ።

ለሐለቃ የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቆየ ሕመም ላይ ማሳረፍ ብቻውን ሕመሙን የሚያራዝመው እንዴት ነው?
2. አንድ ወንድማችን እንቅስቃሴ ሲሠራ ሕመሙ 4 ሆነ፤ በነጋታው ወደ 2 ተመለሰ። ምን እንመክረዋለን? በነጋታው 7 ቢሆንስ?
3. እጁን ከደረቱ በላይ ማንሳት ያልቻለ ሰው ተክቢራውን እንዴት ያደርጋል?
4. በቤተሰባችን ትከሻ የሚያመው ሰው አለ? በዚህ ሳምንት ደውለን ምን ልንጠይቀው እንችላለን?

ውድ ወንድሞችና እህቶች! አራተኛውን ጥያቄ በወረቀት ላይ ብቻ አንተወው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ለአንድ ሰው ሦስቱን የመጀመሪያ እንቅስቃሴዎች ካሳየ ትምህርቱ ፍሬ አፍርቷል።

አላህ (ሱ.ወ) ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጣቸው፤ የምናውቀውን የምንሠራበት ያድርገን። አሚን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።